ከደሴ ልወጣ ነው፤ የባንክ ሂሳቤን ልዝጋው ወይስ እንዳለ ልተወው?

የሆጤ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛው ተመቶልኛል፤ ከረመዳን በፊት ኢንሻአላህ እወጣለሁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የባንክ ነገር ነው።

ሦስት ሂሳብ አለኝ። አንዱ ደመወዝ የሚገባበት ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛው ከወለድ ነፃ የወዲዓ ሂሳብ ነው፣ ያጠራቀምኩት ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛውን ለዕቁብ ብዬ ከፍቼው ነበር፣ ውስጡ ብዙም የለም። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ደግሞ ከአባቴ የወረስኳት ትንሽ ቤት አለች። ተከራዩ ኪራዩን በየወሩ ደመወዝ በሚገባበት ሂሳብ ያስገባል፣ እናቴ የምትተዳደረው በዚያ ኪራይ ነው።

ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይመክረኛል። ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሁሉንም ዘግተሽ በዶላር ይዘሽው ውጪ ይላሉ። አጎቴ ደግሞ የሀገር ሂሳብ አይዘጋም፣ ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል ይላል። እናቴ ስልክ ከማንሳት አልፋ መተግበሪያ መጠቀም አትችልም። የሄዳችሁ ሰዎች ምን አደረጋችሁ? ባንክ የምትሠሩ ካላችሁም እባካችሁ ንገሩኝ።

ጦሳ ማዶ

እንኳን ደስ ያለሽ እቱ! እኔ ዝጊው ባይ ነኝ። ሐምሌ 22/2016 የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ብሩ ቁጥሩ ያው ነው፣ በዶላር ሲታሰብ ግን ግማሽ የሚጠጋው ሄዷል። መደበኛ ቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ወለድ አለው፣ እሱም ኑሮ ውድነቱን አይደርስበትም። ያንቺ ደግሞ ወዲዓ ስለሆነ ያስቀመጥሽውን ያህል ብቻ ነው የምታገኚው። ታዲያ ምን ይሠራልሻል? አውጥተሽ ዶላር ግዢበት፣ እዚያ ስትደርሺ የቤት ኪራይ መያዣ ይሆንሻል።

ከመስኮቱ ጀርባ

አብሽሪ እህቴ። ኮምቦልቻ ባንክ ቤት ነው የምሠራው፣ የየትኛው እንደሆነ ይቅር።

ሀገር ስለለቀቅሽ ብቻ ሂሳብሽን የሚዘጋብሽ የለም። የሚያስቸግረው ከሩቅ ሆኖ «ባለቤቷ እኔ ነኝ» ብሎ ማስረዳቱ ነው። መስኮት ላይ ሁልጊዜ የማየው ይህንኑ ነው። እናት ትመጣለች፣ ስልኳን በመስታወቱ ሥር አሾልካ «ልጄ ናት፣ አናግራት» ትለኛለች። ልጅቱ በቪዲዮ ሰላም ትለኛለች፣ መታወቂያዋን ወደ ካሜራው ታስጠጋለች። እኔ ግን በቪዲዮ ብር መክፈል አልችልም። እናትየዋ ከገጠር ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ ማየት ያማል።

ስለዚህ ሳትሄጂ የምትጨርሻቸው ነገሮች አሉ። ፋይዳ፣ ማለትም ዲጂታል መታወቂያውን፣ ካላወጣሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ አውጪ። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ስለሚወሰድ ሌላ ሰው ሊያወጣልሽ አይችልም። ብሔራዊ ባንክ ፋይዳን ግዴታ ያደረገው ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ሂሳብ ለሚከፍት፣ ቀጥሎ በክልል፣ ከዚያ ነባር ደንበኞችን ጨምሮ። ባለ 12 አኃዙ ቁጥርሽ ከምታስቀሪው ሂሳብ ጋር መተሳሰሩን በአካል ሄደሽ አረጋግጪ። «በመልእክት ይደርስሻል» ቢሉሽ እዚያው ቆመሽ ሲስተም ላይ አይተው ይንገሩሽ።

ከዚያ ስምሽ አለ። የኛ አካባቢ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በየቢሮው በተለያየ መንገድ ነው የሚጻፈው። ዘይነብን አንዱ Zeineb ብሎ ይጽፋታል፣ ሌላው Zeyneb። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውና ባንኩ የያዘው ካልተገናኘ ከውጭ የምትልኪው ገንዘብ መሐል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ፓስፖርቱን ይዘሽ ሂጂና በሱ አስተካክሉልኝ በያቸው።

ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልገባበትና ያልወጣበት ሂሳብ ዶርማንት ይሆናል፣ እኛ «ተኝቷል» ነው የምንለው። ጊዜው ከባንክ ባንክ ይለያያል። ብሩ የትም አይሄድም፣ ለማስነሣት ግን ባለቤቱ ይፈለጋል። ባንኩ ራሱ የሚጨምረው ወለድ በአብዛኛው እንደ እንቅስቃሴ አይቆጠርም። ኪራይ የሚገባበት ሂሳብሽ አይተኛም፣ ቁጠባው ግን ሊተኛ ይችላል። አልፎ አልፎ ከአንዱ ወደ ሌላው 100 ብርም ቢሆን አስተላልፊ። የዕቁቧን ዝጊያት፣ አትጠቅምሽም።

@ጦሳ ማዶ፣ ስለ ብሩ መውደቅ ያልከው ልክ ነው። ግን ዶላሩን ከመንገድ ላይ ግዢ እንዳትላት። ተጓዥ በቪዛና በትኬት ከባንክ መግዛት ይችላል፣ ጣሪያ ቢኖረውም ደረሰኝ አለው። አንቺም የወዲዓውን ገንዘብ ሙዳረባ ወደሚባለው ማዛወር ትችያለሽ፤ እሱ ከወለድ ነፃ ሆኖ ትርፍ የሚጋሩበት ነው።

የጅዳው ወሎዬ

ወላሂ ከሁሉም በፊት ሲም ካርድሽን አስቢ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ወንድሜ ያልነካው እሱን ነው።

ባንኩ የሚያውቅሽ በስልክ ቁጥርሽ ነው። መተግበሪያውን አዲስ ስልክ ላይ ስትጭኚ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በኢትዮጵያ ቁጥርሽ ነው። ፋይዳም የሚልከው በዚያው ነው። ሲም ደግሞ ሳይሠራ ብዙ ከቆየ ቁጥሩ ተነሥቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። እኔ ጅዳ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን በገዛ ቁጥሬ ብደውል የማላውቀው ሰው «ሄሎ» አለኝ። ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይስጠው፣ የባንክ መልእክት እንደሚመጣለት ነገረኝ። ግን ያ ሰው ክፉ ቢሆንስ? ቅርንጫፉ ደግሞ ቁጥሩን ለመቀየር በአካል ካልመጣህ አለኝ፣ ውክልና ከቆንስላ አስልኬ እንኳ «ይህ ስልክ መቀየር አይልም» ብለው መለሱልኝ። መጨረሻ ላይ ለእረፍት ስገባ ነው የተፈታው። ያን ሁሉ ጊዜ ለቤተሰብ የላክሁትን በሌላ ሰው ስም ነበር የማሳልፈው።

ስለዚህ ሮሚንግ መክፈትሽን አረጋግጪ። ሲሙን ይዘሽው ሂጂ፣ ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ አድርጊው። ከዚያ ሆነሽ ካርድ ሙዪበት፣ አልፎ አልፎም ደውዪበት። እንደ *889# ያለው የኮድ አገልግሎት ከውጭ ሊያስቸግር ይችላል፣ መተግበሪያው ግን በዋይፋይ ይሠራል። ባንኩን የጫንሽበትን አሮጌ ስልክም ለማንም አትስጪ።

ዓረብ ሀገር ላላችሁ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሳዑዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ካለቀ ባንኩ ሂሳቡን ያግደዋል። ስንቱ የኛ ሰው ተይዞ ሲመለስ ደመወዙ እዚያው ቀርቷል። በመጨረሻ ኹሩጅ (መውጫ ቪዛ) ከመውጣታችሁ በፊት ገንዘቡን ወደ ሀገር ቤት አስተላልፉ፣ ሂሳቡን ዝጉ። ዱባይ ያላችሁም የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ ክፈሉና ዕዳ የለባችሁም የሚል ክሊራንስ ደብዳቤ በእጃችሁ ያዙ። እሱ ሳያልቅ መውጣት ኋላ የጉዞ እገዳ ሊያመጣ ይችላል።

የሆጤ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሲሙን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ወንድሜ ጋ ልተወው ነበር ያሰብኩት፣ ኮድ ሲመጣ እንዲያነብልኝ። እንዴት ታዩታላችሁ? ለእናቴስ የኤቲኤም ካርዱን ከነሚስጥር ቁጥሩ ብሰጣት አይበቃም?

ሸዋ በር

ይበቃል እንጂ! እኛ ቤት እንደዚህ ነው የምንኖረው። እህቴ ኩዌት ናት፣ ካርዷ እናታችን ጋ ነው። እናቴ ወር ሲገባ ወደ ፒያሳ ትወጣለች፣ ታወጣለች፣ አለቀ። ምን ውክልና፣ ምን ሰነድ ማረጋገጫ!

ከመስኮቱ ጀርባ

@ሸዋ በር፣ እስከሠራ ድረስ ይሠራል። ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ፊቱ ላይ ተጽፏል። ያ ቀን ሲደርስ፣ ወይ ማሽኑ ካርዱን ሲውጠው፣ ወይ እናታችን ቁጥሩን ሲረሱት፣ አዲስ ካርድ የሚሰጠው ለባለቤቷ ነው። ያኔ እህትህ ኩዌት ናት። ጉዳዩ ማጭበርበር ቢሆን ደግሞ ሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥታ ከሆነ ባንኩን መጠየቅ ይከብዳታል።

ሲሙን ወንድም ጋ መተው አልወደውም። ወንድምሽን ተጠራጥሬ አይደለም፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ሲሙ ያለበት ስልክ የባንክሽ ቁልፍ ነው።

የማህተሙ ልጅ

የሰነድ ጉዳይ ላይ ስለምሠራ ስለ ውክልና ልናገር።

ውክልና ሁሉ አንድ አይደለም። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው ተራ የአስተዳደር ሥራ ነው። ቤት መሸጥና ማስያዝን የመሳሰለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ባንክ ደግሞ ቃል በቃል ነው የሚያነበው። «ማንኛውንም ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚል ወረቀት ይዘው መጥተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የጅዳው ወንድማችንም የገጠመው ይኸው ነው። የባንኩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ማስገባት፣ ማውጣት፣ የሂሳብ መግለጫ መቀበል፣ ካርድ ማደስ፣ ስልክ ቁጥር ማስቀየር፣ የተኛ ሂሳብ ማስነሣት፣ እያንዳንዱ ተጽፎ ይግባ። ከመፈረምሽ በፊት ረቂቁን ለባንኩ አሳዪውና «በዚህ ትሠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ምልልስ ታድንሻለች።

እዚሁ ደሴ እያለሽ ስጪው። ከውጭ ሲሆን መጀመሪያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተሙን ያያል፣ ከዚያ ሰው ይዞት ደሴ ይመጣል።

ለማን እንደምትሰጪም አስቢ። ለእናትሽ የኪራዩን ሂሳብ ብቻ፣ የቁጠባውን ለማንም አትስጪ ነው የኔ ምክር። በቤተሰብ መሐል የሚነሣው ክርክር አብዛኛው «ሁሉን ታድርግልኝ» ከሚል ውክልና የመጣ ነው። አንድ መራር ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ውክልና ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የሚወጣው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው ብሎ የሚያወጣ ሰው ወንጀል ውስጥ ይገባል፣ ቤተሰቦችሽ ይህን ይወቁት።

የቦሩ ሜዳ ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ማንም ያላነሣውን ላንሣ፣ አሜሪካ ራሷ የምትጠይቅሽ ነገር አለ።

ግሪን ካርድ ስትይዢ ለግብር ጉዳይ የአሜሪካ ነዋሪ ትሆኛለሽ። ውጭ ሀገር ያሉሽ ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት በኢንተርኔት ታስገቢያለሽ። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ ካለፈሽ ሳትጠይቂ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘምልሻል። ሪፖርት ነው እንጂ ግብር አይደለም፣ በራሱ ምንም አያስከፍልም። ሳያስገቡ መቅረት ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። የሚታየው የሦስቱም ድምር ነው፣ በየባንኩ ከፋፍዬ አስቀምጬዋለሁ ማለት አያድንም። ያንቺ ባይሆንም የመፈረም ሥልጣን ያለሽ ሂሳብ ይቆጠራል። እናትሽ በራሳቸው ስም ከፍተው አንቺን ፈራሚ ቢያደርጉ እሱም ውስጥ ነው።

ብሩ ከወደቀ በኋላ 10,000 ዶላር ማለት ከሚሊዮን ብር በላይ ስለሆነ ብዙ አስተማሪ አይደርስበትም። ቤት ሸጠሽ ገንዘቡ አንድ ቀን እንኳ ሂሳብሽ ላይ ካደረ ግን ልትደርሺ ትችያለሽ። የኪራይ ገቢውም ትንሽ ነው ተብሎ አይተውም፣ በዓመቱ የግብር ማስታወቂያሽ ላይ ይገባል። እዚህ ግብር የሚሠሩልን ሀበሾች አሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ንገሪያቸው።

ዶላር ይዘሽ ከመጣሽ፣ ከ10,000 በላይ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ታስመዘግቢያለሽ። መያዙ አልተከለከለም፣ መደበቁ ነው የሚያስወርሰው።

እኔ ስመጣ የሀገር ቤቱን ሂሳብ አልዘጋሁትም፣ ደስ ይለኛል። ለአባቴ ሕክምና በሌሊት የላክሁት ብር ጠዋት ደሴ ሆስፒታል ደጃፍ ደርሷል፤ የማንንም ደግነት ሳልለምን። በኋላ የመኖሪያ ወረቀቴን ይዤ የዲያስፖራ ሂሳብም ከፍቻለሁ፣ በዶላር የሚቀመጥ። አንቺም ስትረጋጊ አስቢበት። ብር የሆነውን ግን ኋላ «በዶላር ላኩልኝ» ማለት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ እዚያ የምታስቀሪው እዚያው የሚወጣውን ያህል ይሁን።

የፒያሳው ጡረተኛ

ልጄ፣ በሰላም ግቢ። የወጣቶቹን ምክር አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንኮቹ ተዘጉ። ሰው ብሩ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ዳቦ የሚገዛበት አጣ። ግን አዲስ አበባ የደረሰው ሁሉ እዚያው ካለው ቅርንጫፍ ብሩን አወጣ። የደሴው ቅርንጫፍ ተዘረፈም አልተዘረፈም ሂሳቡ አልጠፋም፣ መዝገቡ ማዕከል ላይ ነው። ቤቷ ውስጥ ያስቀመጠች ጎረቤቴ ግን ከነሳጥኑ ነው የሄደባት። ስለዚህ እኔ ባንክን ዝጉ አልልም።

በ2015 ክረምት ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለወራት ቆየ። ያኔ መተግበሪያ ብቻ የነበረው ሰው ተቸገረ፣ ደብተርና መታወቂያ የያዘ ሽማግሌ ግን በሰልፍ አወጣ። እናትሽ እጅ ላይ በስማቸው የሆነ አንድ ሂሳብ ይኑር፣ ደብተሩም ጭምር። የሁለት ሦስት ወር አስቤዛ የሚሆን እዚያ ይቀመጥ።

ገንዘብሽንም በሁለት ባንክ አድርጊው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋቁሟል፣ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው የሚሸፍነው።

ሸዋ በር

ጋሼ ይህን ሲሉ ለእህቴ ደወልኩላት። በበጋ ስትመጣ እናታችን በስማቸው ይከፈትላቸው ተባብለናል። ካርዱ ሰኔ ላይ ነው የሚያበቃው፣ አሁን አየሁት።

ኖርድራይን

ጀርመን ነኝ፣ የገራዶ ልጅ። አውሮፓ ለምትሄዱ ባጭሩ፦ እዚህ የባንክ ቅጽ ሁሉ ኢባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ኢባን የላትም፣ ስለዚህ የሂሳብ ቁጥሩንና የባንኩን ስዊፍት ኮድ (ባንኩ በዓለም አቀፍ የሚታወቅበት መለያ) ነው የምትሞሉት። አንዳንዱ የጀርመን ባንክ መተግበሪያ ያለ ኢባን አያሳልፍም፣ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የውጭ ማስተላለፊያ ቅጽ ጠይቁ። ሳትወጡ የባንካችሁን ስዊፍት ኮድ በወረቀት ያዙ፣ ከኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ አትገልብጡ።

ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ ለባንኩ አሳውቁ። በ1996ቱ አዋጅ የሌላ ሀገር ዜግነት ስትወስዱ ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል፣ የምትገቡት በቪዛ ወይም በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው። የድሮ ፓስፖርት ይዞ ባንክ መቆም ኋላ ጣጣ አለው።

የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይጠብቅልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን ለእናቴ አነበብኩላት፣ «እውነቱን ነው፣ ደብተር ይሻላል» አለች።

ዛሬ ሮጥ ሮጥ ብያለሁ። የዕቁቡን ሂሳብ ዘጋሁት። ፋይዳ ነበረኝ፣ ከደመወዙ ሂሳብ ጋር ተሳስሯል፣ ከቁጠባው ጋር ግን አልተሳሰረም ነበርና አሳሰርኩት። የአያቴ ስም ፓስፖርቱ ላይና ባንኩ ላይ ይለያያል፣ ለማስተካከል ቅጽ ሞልቻለሁ። ለእናቴ በስሟ ሂሳብ ከፍተንላታል፤ ከዚህ በኋላ ተከራዩ በቀጥታ እሷ ጋ ያስገባል፣ ያኔ ለኪራዩ ውክልናም ካርድም አያስፈልግም። ቁጠባዬን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሙዳረባ አደረግሁት። ሲሜን ይዤ ነው የምሄደው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ሥራ ስለቅ ምን ይሆናል? እንደ ተራ ቁጠባ ይቀጥላል ወይስ መዝጋት አለብኝ?

ከመስኮቱ ጀርባ

ጎበዝ! ተከራዩ በቀጥታ ለእናትሽ እንዲያስገባ ማድረግሽ ከሁሉም ምክር የተሻለ ነው።

የደመወዙ ሂሳብ ይቀጥላል፣ ሥራ ስለለቀቅሽ አይዘጋም። ብቻ በደመወዝሽ የተያዘ ብድር ወይም ዋስትና ካለ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ክሊራንስ ስታወጪ አብሮ ይጣራ። ለባልደረባ ዋስ ሆነሽ ፈርመሽ ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው፣ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ ሂሳቡ ላይ እገዳ ይመጣል። የስም ማስተካከያው ሲያልቅ ደግሞ የሂሳብ መግለጫ በእንግሊዝኛ፣ ማህተም ያለበት፣ አስወጪ። እዚያ ቤት ስትከራዪ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ቀለል ይላል፣ ያኔ ሂጂ።